ፍሬን ላይ ብልሃት የለም

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡና አስቀርባችሁ አንብቡት። የመኪና ጉዳይ ስለሆነ «እኔን አይመለከተኝም» የምትሉም ቢሆን እስከ መጨረሻው ታገሱኝ። መኪና የሌለው ሰውም መንገድ ይሻገራልና።

ብዙዎቻችሁ መኪናዬን ታውቋታላችሁ። ያቺው በፈረንጆቹ 1982 የተሠራች ነጭ ኮሮላ ዲኤክስ። ስንቶቻችሁ ኮፈኗን ከፍታችሁ ካርቡራተር ማስተካከል የተለማመዳችሁባት! ጎረቤቶቼ «አሁንስ ሽጣት» ይሉኛል፤ ልጆቼ «ሙዚየም አስገባት» ይሉኛል። እኔ ግን አልሸጣትም። ታማኝ ናት። ዕድሜ ለጃፓኖች፣ ሞተሯ ዛሬም በአንድ ቁልፍ ይነሣል።

ከሁለት ወር በፊት ፍሬኗ ከበድ አለኝ። ፔዳሉ አይሰጥምም፤ ጠንካራ ነው እንጂ። እግሬን ጠበቅ አድርጌ ካልረገጥኩ መኪናዋ ቶሎ አትቆምም። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ራሴ ዝቅ ብዬ መሥራቱን ተውኩና ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የጋራዡን ስምም ሰፈርም አልናገርም፤ አትጠይቁኝ። የሚሠራው ልጅ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው። «ቲቸር፣ ቡስተሩ ነው። ነገ ከሰዓት ይምጡ» አለኝ። በማግስቱ ሄጄ ነዳኋት፤ ፔዳሉ ለስልሷል። አመስግኜው ከፈልኩ፤ በጣም ርካሽ ነበር። ርካሽነቱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር፤ ግን ጡረተኛ ሰው ርካሽ ነገር ሲያገኝ ብዙ አይጠይቅም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከባለቤቴ ጋር እንጦጦ ማርያም ሄደን ስንመለስ ነበር። ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ቁልቁለትና ኩርባ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። ከፊቴ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ይወርዳሉ። ከመካከላቸው አንዷ ጉድጓድ ለመሸሽ ብላ ወደ መንገዱ ገባች። ፍሬን ያዝኩ። ከዳሽቦርዱ ሥር «ፍሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ሞተሩ ተንገራገጨ፣ ፔዳሉ ደግሞ ድንጋይ ሆነ። በሁለት እግሬ ተነሥቼ ቆምኩበት ማለት ይቀላል። ወደ አንደኛ መለስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። መኪናዋ ቆመች፤ በሴትዮዋና በመኪናዋ አፍንጫ መካከል ቢበዛ አንድ እርምጃ ነበር።

ሴትዮዋ ዞራ እንኳን አላየችኝም። በጀርባዋ ያን ሁሉ የባሕር ዛፍ ተሸክማ እንዴት ትዙር? ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዷን ቀጠለች። እስከ ዛሬም አታውቅም። እኔና ባለቤቴ ግን እዚያው ቆመን ለረጅም ጊዜ ሳንነጋገር ተቀመጥን።

መኪናዋን አስጎትቼ ቤት አስገባኋትና ቡስተሩን ራሴ አወረድኩት። ስከፍተው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? በዲያፍራሙ ቦታ ከከነመዳሪ በመቀስ ተቆርጦ የገባ ጎማ! ጠርዙ በማጣበቂያ ተለጥፎ፣ ቆርቆሮው በመዶሻ ተመልሶ ተገጥሟል።

ልጁ ጋ ደወልኩ። አልጮህኩበትም። «ለምን እንደዚህ አደረግህ?» ብቻ ነው ያልኩት። ዝም አለና «ቲቸር፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ‹ዕቃ የለም ብሎ የሚቀመጥ መካኒክ አይባልም፣ ባለው ነገር ሥሩ› እያሉ ያስተማሩን?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ብዬዋለሁ። በየክፍሉ ብዬዋለሁ። ዛሬ የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ ያኔ ያላልኩትን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ልጨምርበት። ባለው ነገር ሥሩ፤ ፍሬንና መሪ ሲሆን ግን አትሥሩ።

አሁን ትምህርቱን በአጭሩ ልድገመው፤ የረሳችሁ አትጠፉም።

ቡስተር ማለት ከፔዳሉና ከማስተር ሲሊንደሩ መካከል ያለው ክብ ጥቁር ቆርቆሮ ነው። ውስጡ በጎማ ዲያፍራም ለሁለት ተከፍሏል። ሞተሩ በቱቦ በኩል አየሩን ከሁለቱም ወገን ይስባል። ፍሬን ስትረግጡ በፔዳሉ በኩል ያለች ቫልቭ ተከፍታ የውጭ አየር በአንድ ወገን ብቻ ይገባል። ያ አየር ዲያፍራሙን ገፍቶ እግራችሁን ያግዛል። በቃ ይኸው ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ከአየር ግፊት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ስለዚህ ጤነኛ ቡስተር ራሱ እዚህ የሚሰጠን እገዛ ዝቅ ያለ ነው። ድሬዳዋ ላይ «ምንም አይልም» የሚባል ያረጀ ቡስተር አዲስ አበባ ቁልቁለት ላይ ሊያዋርዳችሁ ይችላል። እኛ ደጋ ላይ የምንነዳ ሰዎች ለቡስተር ከማንም በላይ መጠንቀቅ አለብን የምለው ለዚህ ነው።

«ቲቸር፣ ከነመዳሪም እኮ አየር ይይዛል» ብሎኛል ልጁ። ይይዛል፤ ጎማ ውስጥ ሆኖ፣ ዙሪያውን ወፍራም ጎማ ደግፎት። ቡስተር ውስጥ ግን በእያንዳንዱ ርግጫ መታጠፍና መዘርጋት አለበት፣ ጠርዙም በቆርቆሮው መካከል አየር ሳያስገባ መያዝ አለበት። ፋብሪካው ዲያፍራሙን በቅርጽ የሚያወጣው ለዚህ ነው። የተቆረጠ ከነመዳሪ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ይሠራል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ጠርዙ ይሸሻል፤ በኃይል በተረገጠ ቀን ይለቃል። በኃይል የሚረገጠው ደግሞ መቼ ነው? ሰው ፊት ለፊት የገባ ቀን!

መኪና ያላችሁ ሁሉ ነገ ጠዋት ይህችን አድርጉ። ምንም መሣሪያ አትፈልግም።

አንደኛ፦ ሞተሩ ሳይነሣ ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡ። ፔዳሉ ይጠነክራል። እግራችሁን ሳታነሡ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ ቡስተሩ ወይም ወደሱ የሚሄደው ቱቦ ችግር አለበት።

ሁለተኛ፦ ሞተሩ እየሠራ ፍሬኑን ርገጡና ሳትለቁ ሞተሩን አጥፉ። ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ያዙት። ፔዳሉ እግራችሁን ወደ ላይ ከገፋ አየር እያስገባ ነው።

ሦስተኛ፦ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ፍሬን ስትይዙ የማያቋርጥ የፉጨት ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ሞተሩ ከተንገራገጨ እኔን አስታውሱኝ።

ለመካኒኮቹ ደግሞ፦ ቡስተር ከመቀየራችሁ በፊት ቱቦውንና ቱቦው ላይ ያለችውን ቫልቭ እዩ። ቫልቯ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ማሳለፍ ያለባት፤ በአፍ ነፍቶ መሞከር ይቻላል። የተሰነጠቀ ቱቦ ስንት ሰው ያለጥፋቱ ቡስተር አስገዝቷል! ቡስተሩ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ደግሞ «ለምን ሞተ?» ብላችሁ ጠይቁ። የፍሬን ዘይት እየቀነሰ፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ ከሌለ፣ ማስተር ሲሊንደሩ በኋላው በኩል ወደ ቡስተሩ ውስጥ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የፍሬን ዘይት ዲያፍራሙን ያበላሻል። ማስተሩን ሳትነኩ አዲስ ቡስተር ብትገጥሙ አዲሱንም ትገድሉታላችሁ። የእኔዋም እንደዚያ ነበረች። ሁለቱንም ቀየርኩ።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ቱቦው ይነቀላል፣ ማስተሩ ከሁለት ዳዶው ይፈታል፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ተኝታችሁ የፔዳሉን ፒን ታወጣላችሁ፣ አራቱን ዳዶ ትፈታላችሁ። ጉልበትና ወገብ ነው የሚጠይቀው (እኔን ጉልበቴንም ወገቤንም ጠይቆኛል)። አንድ ቦታ ላይ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፦ ከቡስተሩ ወጥታ የማስተሩን ፒስተን የምትገፋው ዘንግ። ርዝመቷን ሳትለኩ አትግጠሙ። ከረዘመች ፒስተኑ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ፍሬኑ ሳይለቅ ይቀራል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ጎማውን ይይዛል። ካጠረች ፔዳሉ ባዶ ቦታ ይረግጣል። አሮጌውን ኮፒሊያም መልሳችሁ አትክተቱ። የፍሬን ቱቦ ከፈታችሁ አየሩን ሳታስወጡ ከግቢ አትውጡ።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልምጣ። «ዕቃው ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። አዲሱን ቡስተርና ማስተር ለመግዛት ከወር ጡረታዬ በላይ ነው የከፈልኩት። ሶማሌ ተራን ሁለት ቀን ዞሬያለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የማይችል ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና ይዞ ይቆያል። እነዚህ ዲኤክሶች፣ ላዳዎች፣ ፔጆዎች ገና ለብዙ ዓመታት አብረውን ናቸው። እኔ ደስ ይለኛል። ግን በዚሁ ምክንያት ነው ፍሬናቸውን በብልሃት ሳይሆን በዕቃ መጠገን ያለብን።

አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው ከተራገፈ መኪና የወጣ ኦርጅናል ቡስተር ይግዛ፤ ግን ከገጠመው በኋላ ከላይ ያሉትን ፈተናዎች ያድርግ፣ ካላለፈ ይመልስ። ትክክለኛ የጎማ መለዋወጫና መሣሪያ ያለው ባለሙያ ቡስተር ቢያድስም አልቃወምም። የምቃወመው ከነመዳሪውን ነው። ከዚያ በላይ የምቃወመው ደግሞ ዝምታውን ነው። ያ ልጅ «ቲቸር፣ ዕቃው ስለሌለ በከነመዳሪ ነው የያዝኩት፣ ቁልቁለት አይውረዱበት» ቢለኝ ኖሮ እንጦጦ አልሄድም ነበር። ደንበኛ የተደረገለትን የማወቅ መብት አለው። «ተሠርቷል» የምትለው ቃል ፍሬን ላይ ስትነገር እንደ መሐላ ናት።

ባለመኪናዎችም አናመልጥም። «እንደምንም አድርገህ ያዝልኝ» የምንለው እኛ ነን። ርካሹን የምናሳድደው እኛ ነን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ ትንሽ ብር ላተርፍ ብዬ የሰው ነፍስ ልጥል ነበር። «ቦሎ አልፋለች» ማለትም መልስ አይሆንም፤ ቦሎ የሚነግራችሁ የዚያን ቀን ሁኔታ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍታችሁ የምትወርዱ፣ ስለ እግዚአብሔር ተዉ! ሞተር ከጠፋ ቡስተሩ የሚያግዛችሁ ለሁለት ሦስት ርግጫ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያላችሁ የእግራችሁ ጉልበት ነው። ፔዳሉ ድንገት ድንጋይ ከሆነባችሁም እየለቀቃችሁ ደጋግማችሁ አትርገጡ፣ የቀረችውን እገዛ ትጨርሷታላችሁ። በሙሉ ኃይላችሁ ረግጣችሁ ያዙ፣ ማርሽ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ሳቡ። ፍሬኑ አልጠፋም፤ ከብዷል እንጂ።

ልጁ ባለፈው እሑድ ቤት መጥቶ ነበር። አዲሱን ቡስተር ስገጥም ከዳሽቦርዱ ሥር የተኛው እሱ ነው፤ እኔ ከላይ ነበርኩ። ሲጨርስ ገንዘቤን ሊመልስልኝ ፈለገ፤ አልተቀበልኩትም። ይልቅ ያንን የከነመዳሪ ቁራጭ ሰጠሁትና «ጋራዥህ ግድግዳ ላይ ስቀለው» አልኩት። ሰቅሎታል፣ ፎቶውንም ልኮልኛል። እኔም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ትምህርቱን ግማሽ አድርጌ ሰጥቼው ነበርና።

እናንተም ይቅር በሉኝ። የተረፈችውን ግማሽ ዛሬ ተቀበሉ። ጋራዥ የከፈታችሁ ለልጆቻችሁ አስተምሩልኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ፈተናውን አድርጋችሁ ያገኛችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አቅሜ በፈቀደ መጠን እመልሳለሁ። አሮጌ መኪና ለሚነዳ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።

በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።