ሩቁ መሬት ስለምን ይደበዝዛል?

ስለ ልጆች የኮምፒዩተር ጨዋታ በተነሣ ቍጥር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለሚባክነው ጊዜ ነው፤ ዛሬ ግን ሳይባክን ስለ ቀረ ገንዘብ ልናወጋችሁ እንወዳለን።

በካምፓላ ከተማ በስተምሥራቅ፥ ወደ ጂንጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በናካዋ፥ በእኅታችን ቤት በእንግድነት ሰንብተን ነበር። እኅታችን በናካዋ ገበያ ቅመም እየሸጠች ልጇን የምታስተምር ሴት ናት። ልጁም መኪና የሚነዳበት አንድ ጨዋታ አለው። በጨዋታው ከጎማው ሥር ያለው አስፋልት ጠጠሩ ሳይቀር ይታያል፤ ጥቂት ራቅ ሲል ግን መስመሩም ጠጠሩም ተደባልቆ ውሃ የነካው ቀለም ይመስላል። አንድ ነጋዴ፥ «የግራፊክስ ካርዱ አርጅቷልና አዲስ ግዛ» ብሎታል። እናቱም ለሚመጣው የትምህርት ወቅት ካስቀመጠችው ገንዘብ ላይ ልታነሣ አስባ ነበር።

እኛም ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ምክንያቱን ለማወቅ ፈለግን፤ በዚያው ሰፈር ባለው የኢንፎርሜሽንና የኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የሚማር አንድ ጎረቤትም እንዲህ ሲል አስረዳን።

በጨዋታ ውስጥ መሬቱ በሥዕል የተሸፈነ ነው። ሥዕሉ በሩቅም እንዳለ ቢቀርብ መኪናው ሲሄድ እየተብለጨለጨ ዓይን ያደክማል። ስለዚህ ላንስ ዊልያምስ የተባለ ሊቅ በ1983 እ.ኤ.አ. አንድ ብልሃት ጻፈ፤ ይኸውም ከአንዱ ሥዕል በየደረጃው በግማሽ የሚያንሱ ቅጂዎችን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። 256 ነጥብ ወርድ ያለው 128፥ ከዚያም 64 እያለ እስከ 1 ይወርዳል። «ሚፕ» የሚለው ስም «በጥቂት ውስጥ ብዙ» ከሚል የላቲን አባባል የተወሰደ ነው። ቅጂዎቹ ሁሉ ተደምረው የሚጨምሩት ቦታ የዋናውን ሢሶ ያህል ብቻ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው መሬቱ ጋደል ብሎ ሲታይ ነው። ሰሌን አንጥፈን ከደጃፍ ዝቅ ብለን ብናየው ርዝመቱ ይጨፈለቃል፤ ወርዱ ግን ያን ያህል አይቀንስም። ማሽኑ በተጨፈለቀው በኩል ለክቶ ትንሹን ቅጂ ስለሚመርጥ በወርዱ ሊታይ ይችል የነበረው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። መድኃኒቱ «አኒሶትሮፒክ ፊልተሪንግ» ይባላል፤ ይህም ጥርት ያለውን ቅጂ ይዞ በተጨፈለቀው አቅጣጫ ብዙ ናሙና በመውሰድ አማካዩን ያሳያል። መጠኑም 2፥ 4፥ 8 ወይም 16 ነው።

የጨዋታውን የግራፊክስ ማስተካከያ ብንከፍት ይኸው ነገር ተዘግቶ አገኘነው። ወደ 16 ከፍ ባደረግነው ጊዜ የመንገዱ መስመር ጠርቶ እስከ ሩቅ ተዘረጋ።

ማስተካከያው በጨዋታው ውስጥ ባይገኝ በካርዱ በራሱ መቆጣጠሪያ ውስጥ ይፈለግ። ማሽኑ ደካማ ሆኖ ጨዋታው ቢንቀራፈፍ ወደ 8 ወይም ወደ 4 ዝቅ ይደረግ። ቅርቡም ሩቁም አብሮ የደበዘዘ እንደ ሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነውና አስቀድሞ ሪዞሉሽኑን መመልከት ይገባል።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ «ዕቃው አርጅቷል» ባላችሁ ጊዜ፥ ከመቆጣትም ከመክፈልም በፊት «ምን ጎደለው? እስቲ አሳየኝ» ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። እኅታችን ልጇ የሚነዳበትን መንገድ ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው፤ ገንዘቡም ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ።