ትንሽ ለም መሬት በቀላል ውል ስለ መግዛት

ለአራሽ ሰው የራሱ የሆነ ጥቂት ለም መሬት ከሁሉ የሚበልጥ ሀብት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን አራሹ ብዙ ጊዜ በእጁ ገንዘብ የሌለው ስለ ሆነ፥ መሬቱን ሊያገኝ የሚችለው ዋጋውን ከምርቱ እየቀነሰ በየዓመቱ እንዲከፍል የተፈቀደለት እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ያለው ግዢ ቀላል ውል ይባላል። ይሁን እንጂ ቀላል የተባለው ሁሉ ቀላል አይደለም፤ ስሙ ቀላል ሸክሙ ከባድ የሆነ ውል አራሹን ከጭሰኝነት አውጥቶ ለዕዳ አሳልፎ ይሰጠዋል። ስለዚህ የውል ቀላልነት በምን እንደሚታወቅ መመርመር ሕግ ለሚያስፈጽሙትም ሕዝብ ለሚመክሩትም ሰዎች ተገቢ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት በ23ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ አብርሃም ሣራን የሚቀብርበት ስፍራ በፈለገ ጊዜ ኤፍሮን እርሻውንና ዋሻውን እንዲያው ሊሰጠው ተናግሮ ነበር። አብርሃም ግን በለዘበ ቃል አልረጋም፤ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጥቶ፥ የአገሩ ሰዎች በከተማው በር እየሰሙ ርስቱን አጸና። ከዚህ እንደሚታየው መሬትን የሚያጸናው የሻጩ ደግነት ሳይሆን የታወቀ ዋጋ፥ የታወቀ ወሰንና የታወቀ ምስክር ነው።

በቅርቡ ዘመን ይህን ነገር በሰፊው ከፈተኑት አገሮች አንዷ አየርላንድ ናት። በዚያች አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ በጠፋ ጊዜ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ በረኀብና በበሽታ አለቀ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ተሰደደ። አራሾቹ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ጭሰኞች ስለ ነበሩ፥ ኪራዩን መክፈል ያልቻለው ከመሬቱ ይባረር ነበር። በ1879 ዓ.ም. የተቋቋመው የመሬት ማኅበርም አራሹ የሚያርሰው መሬት ባለቤት እንዲሆን አጥብቆ ጠየቀ።

የመጀመሪያው እርምጃ የተወሰደው በቤተ ክርስቲያን ርስት ነው። በ1869 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የአየርላንድ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት በተለየች ጊዜ፥ መሬቷን ያርሱ የነበሩት ጭሰኞች ከማንም አስቀድመው እንዲገዙ ተፈቀደላቸው፤ የዋጋውንም ሩብ ከፍለው የቀረውን በ32 ዓመት እንዲጨርሱ ተደረገ። በዚህም 6,000 የሚያህሉ አራሾች ባለመሬት ሆኑ። በ1870 ዓ.ም. ለሌሎቹ ጭሰኞች የወጣው ሕግ ግን የሚያበድረው ከዋጋው ሁለት እጁን ብቻ ስለ ነበረ፥ ሲሶውን ገዢው በአንድ ጊዜ ማውጣት ግድ ሆነበት፤ ባለርስቱም ለመሸጥ አይገደድም ነበር። ስለዚህ የገዙት እጅግ ጥቂቶች ሆኑ፤ ሲሶውን በጥሬ ገንዘብ ማውጣት የሚችል ሰው ቀድሞውንም ድኻ አልነበረምና።

በ1885 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ይህን ጉድለት አቃና። መንግሥት 5 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ ዋጋውን በሙሉ አበደረ፤ ገዢውም በዓመት ከመቶ 4 እየከፈለ በ49 ዓመት ዋናውንና ወለዱን እንዲጨርስ ተወሰነ። በ1903 ዓ.ም. ደግሞ ክፍያው በዓመት ከመቶ 3 ከሩብ፥ ጊዜው 68 ዓመት ተኩል ሆነ፤ ለሚሸጡትም ባለርስቶች በዋጋው ላይ ከመቶ 12 ተጨመረላቸው። ዋናው ነገር ግን የዓመቱ ክፍያ አራሹ ቀድሞ ይከፍለው ከነበረው ኪራይ እንዲያንስ መደረጉ ነው።

68 ዓመት የሚቆይ ዕዳ የልጅ ልጅን ማሰር ነው የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ኪራይ ማለቂያ የለውም፤ ዕዳው ግን ምንም ቢረዝም የሚያልቅበት ቀን አለው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ በያመቱ ጥቂት የከፈለ ሰው በመጨረሻ ለልጆቹ ርስት አውርሶ ያልፋል።

የአየርላንድ ውል እውነተኛ ጉድለቱ ሌላ ነበር፤ ይኸውም ክፍያው በገንዘብ የተቆረጠ በመሆኑ ነው። የእህልና የከብት ዋጋ በወደቀ ጊዜ ክፍያው አብሮ አልወረደም። ከዚህም በላይ ገንዘቡ ወደ እንግሊዝ መንግሥት ግምጃ ቤት የሚሄድ ስለ ነበረ፥ በ1932 ዓ.ም. የዴ ቫሌራ መንግሥት አልከፍልም አለ፤ እንግሊዝም በአየርላንድ ከብቶች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች። ክርክሩ በ1938 ዓ.ም. በ10 ሚሊዮን ፓውንድ እስኪፈጸም ድረስ ብዙ የተጎዳው ከብቱን የሚሸጠው ገበሬ ነው።

ቀድሞ ፎርሞዛ ትባል የነበረችው የታይዋን ደሴት በ1953 ዓ.ም. ያወጣችው ሕግ በዚህ ረገድ የተሻለ ነበር። የመሬቱ ዋጋ የዋናው ሰብል የዓመት ምርት ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተተመነ፤ ወለዱም በዓመት ከመቶ 4 ሆኖ በ10 ዓመት እንዲከፈል ተደረገ። የሩዝ ማሳ የገዛው ሰው የሚከፍለው በሩዝ ስለ ነበረ፥ የገበያ ዋጋ ቢወድቅም ዕዳው በእህል ሲሰፈር አይጨምርበትም። ሒሳቡ ሲታይ የዓመቱ ክፍያ ከምርቱ ከመቶ 31 ያህል ነው፤ በ1949 ዓ.ም. የተወሰነው ከፍተኛው የጭሰኛ ኪራይ ግን ከመቶ 37 ተኩል ነበር። በዚህ ሕግ ከ190,000 የሚበልጡ ቤተ ሰቦች መሬት አገኙ።

እንግዲህ ቀላል ውል የሚታወቀው በአራት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ ከአቅም በላይ የሆነ ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም። ሁለተኛ፥ የዓመቱ ክፍያ ከኪራዩ ያንሳል። ሦስተኛ፥ ክፍያው የሚሰበሰበው ከመከር በኋላ ሆኖ ከምርቱ ጋር ይመዘናል። አራተኛ፥ ወሰኑና ዋጋው ተጽፎ ለአራሹ በእጁ ይሰጠዋል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ውል፥ መሬቱ ምንም ለም ቢሆን፥ ፍሬውን የሚበላው አበዳሪው ነው።

በኢትዮጵያ የገጠር መሬት እንደ አገሩ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ይከለክላል። ነገር ግን ገበሬው በሬ፥ ዘር፥ ማዳበሪያና የውኃ መሳቢያ በብድር የሚገዛ ስለ ሆነ፥ ያው መመዘኛ ለእርሱም ያገለግላል። ብድሩን የሚያጸድቅ ሹም የመክፈያውን ቀን ከመከር በፊት ቢቆርጥ፥ ገበሬው በሬውን ሸጦ የዘር ዕዳ ይከፍላል። ማንበብ የማይችለው ገበሬ የውሉን ቃል ሳያውቅ አውራ ጣቱን እንዳያትም፥ በአጥቢያው ያለ ካህን ወይም ዲያቆን አንብቦ ቢያስረዳው ከምጽዋት የማያንስ በጎ ሥራ ነው።

ነቢዩ ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ተከብባ ሳለች የዓናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዝቶ፥ የታተመውንና የተከፈተውን የውል ጽሑፍ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አኖረው። ከተማው ሊጠፋ በቀረበበት ቀን እንኳ ውል እንዲህ ከተጠበቀ፥ በሰላም ዘመን ገበሬው የፈረመበት ወረቀት ቅጂ በቤቱ እንዲኖር ማድረግ የሚያስቸግር ነገር አይደለም።