ትውልድ ይታደሳልን? ስለ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያና ስለ ሰነዶቹ

በልማድ «ቢጫ ካርድ» የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ገጽ ላይ ይናገራል። ባለቤቱ ዛሬ የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነና በምን ስም እንደሚጠራ ይገልጻል፤ ከማን ወገን እንደተወለደም ይመሰክራል። የመጀመሪያው ከጊዜ ጋር ይለዋወጣል። ሰው ያገባል፣ ስሙን ይቀይራል፣ ፓስፖርቱን ያድሳል። ሁለተኛው ግን አይለወጥም፤ በ1990 የአንዲት የጎንደር ሴት የልጅ ልጅ የነበረ ሰው በ2017ም የእርሷው የልጅ ልጅ ነው። የካርዱ ዘመን ሲያልፍና አመልካቹ ሰነዶቹን ይዞ ለዕድሳት ሲቀርብ ግን ሁለቱ ጉዳዮች ተቀላቅለው፣ አንድ ጊዜ የተረጋገጠው ትውልድ እንደ አዲስ የሚጠየቅባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ይህ ጽሑፍ ዕድሳት ሊመረምር የሚገባው የሚለወጠውን ብቻ ነው፣ የተረጋገጠ ትውልድ ግን በመንግሥት መዝገብ እንደ ውሳኔ ተቀምጦ ለልጅና ለልጅ ልጅ ሊተርፍ ይገባል ብሎ ይከራከራል።

ካርዱ ለምን እንዳስፈለገ ማስታወስ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነትን አይቀበልም፤ በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው ይህ ሕግ የሚዘጋውን በር በከፊል ለመክፈት ነው። የመታወቂያው ባለቤት ያለ መግቢያ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ በአገሩ ይኖራል፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ይሆናል፤ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም በቋሚነት አይቀጠርም። እንግዲህ ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ካርዱ ሳይታደስ የቀረበት ሰው በእናቱ ቤት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያስፈልገው የውጭ ዜጋ ይሆናል።

አዋጁ «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» የሚለውን የተረጎመበት መንገድ ለጋስ ነው። ቀድሞ ራሱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋም ይካተታል። (ኢትዮጵያዊ ዜግነቱ ተነሥቶ የኤርትራን ዜግነት ያገኘ ሰው ከዚህ ተለይቷል፤ ይህ ራሱን የቻለ ጥናት የሚሻ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።) ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ መሄድ ረጅም መንገድ ነው። የሕጉ ለጋስነትና የሰነዶቻችን ድህነት የሚጋጩትም እዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዝን ሕግ ለማነጻጸሪያ እንውሰድ። ብሪታንያ ለኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች በዘር ሐረግ ላይ የተመሠረተ የአምስት ዓመት ቪዛ ትሰጣለች፤ ይህም ሊራዘም ይችላል። ሕጉ ወደ ኋላ የሚሄደው እስከ አያት ብቻ ነው፤ ቅድመ አያት አይበቃም። አመልካቹ የራሱን፣ የወላጁንና የአያቱን የልደት የምስክር ወረቀት ሰንሰለት አድርጎ ያቀርባል፤ በመካከል በጋብቻ ስም ከተለወጠ የጋብቻው ወረቀት ቀለበቱን ይቀጥላል። ጥብቅ ነው፤ ግን ይቻላል። ምክንያቱም በእንግሊዝና በዌልስ መንግሥት ልደትን መመዝገብ የጀመረው በ1837 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። የአያቱ ወረቀት የጠፋበት ሰው ግልባጩን ከመዝገብ ያወጣል። እነርሱ ሁለት ትውልድ ይጠይቃሉ፣ ሁለቱም ተጽፏል። እኛ ሦስት ትውልድ እንፈቅዳለን፤ አንዱም በቅጡ አልተጻፈም።

ለምን አልተጻፈም? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ፣ ማለትም ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት ምዝገባ፣ ዝርዝር ድንጋጌዎችን ይዞ ነበር። እነዚያው ድንጋጌዎች ግን በሕጉ መጨረሻ ባለው ቁጥር 3361፣ ወደፊት ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ በሥራ ላይ እንዳይውሉ ታገዱ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 እስኪወጣ ድረስ ከአምሳ ዓመታት በላይ አለፉ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው በተግባር የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የተወለደው ሕዝብ ማስረጃው የተበታተነ ነው። የክርስትና ስም የተጻፈበት የቤተ ክርስቲያን ወረቀት፣ የማዘጋጃ ቤት ማስረጃ፣ ከ1967 በኋላ ደግሞ የቀበሌ ደብዳቤ። ከከተማ ውጭ ለተወለደው ብዙኃን ይህም አልነበረም። ዛሬ በሜሪላንድ ወይም በስቶክሆልም የሚኖር ወጣት የቅድመ አያቱን ኢትዮጵያዊነት በሰነድ አሳይ ሲባል፣ መንግሥት ራሱ ሳይጽፈው የቀረውን ወረቀት አምጣ እንደ መባል ነው። ከዚህም የሚከፋ አለ፤ የመጀመሪያው የዜግነት ሕጋችን የወጣው በሐምሌ 1922 ዓ.ም. ነው። ዕድሜው የገፋ አመልካች ቅድመ አያት ከዚያ ቀደም ብለው አርፈው ሊሆን ይችላል። «ዜጋ ነበሩ» ብሎ ማስረዳት የሚቻለው በየትኛው ሕግ ነው? አዋጁ ዝም ይላል።

ይህን ስል ግን ትውልድን የማስረዳት ባህል አልነበረንም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር፣ ከቅድመ አያት አልፎ ምንዥላትና እንጅላት እያለ ለየትውልዱ ስም ያወጣ ሕዝብ በዚህ አይታማም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪቀር ድረስ የነበረው የርስት ሥርዓት ደግሞ ትውልድን በአደባባይ የሚያስቆጥር ነበር። ርስት ጠያቂው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ስም በስም ይቆጥራል፤ ተከራካሪው ይነቅፋል፤ ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ፤ ዳኛ ይፈርዳል። አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቆጠር ነበር። የሴት ልጅ ልጅ «እናቴ ናት የምታገናኘኝ» ብሎ መሬት ይካፈል ነበር።

ዛሬ የምንጠቀምበት የስም ሥርዓት ግን የእናትን ወገን አይዝም። አንድ ሰው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም አስከትሎ መጠራቱ በራሱ የሦስት ትውልድ ማስረጃ ነው፤ ይህን ያህል የዘር ሐረግ በመጠሪያው ተሸክሞ የሚዞር ሕዝብ ጥቂት ነው። ሐረጉ ሁሉ ግን የወንድ ነው። በእናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ አገር ሰው ልጅ በስሙ ውስጥ ይህን የሚያሳይ አንዲት ፊደል የለውም። አዋጁ እናትንና አያትን ከአባት እኩል ያያል፤ ሰነዱ አያይም።

በስደት ላይ ደግሞ የአባት ሐረግም ይሰበራል። አቶ አበበ ከበደ ወርቁ አሜሪካ ሲገቡ «የቤተሰብ ስም» ይጠየቃሉ፤ ወርቁ ይላሉ። አዲስ አበባ የተወለደችው ልጃቸው አልማዝ አበበ ናት፤ እዚያ የተወለደው ወንድሟ ግን ዳንኤል ወርቁ ይባላል። አንድ እናትና አባት ያላቸው ሁለት ልጆች በወረቀት ላይ ባዕዳን ሆኑ። አልማዝ አግብታ የባሏን ስም ስትወስድ «አበበ» የሚለውም ይጠፋል፤ በአገራችን ሴት በጋብቻ ስሟን ስለማትለውጥ የካርዱ ቅጽ ይህን ለውጥ በቀላሉ አያስተናግደውም። በዚህ ላይ የፊደሉ ጣጣ አለ። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዴ በቲ፣ አንዴ በኤስ፣ አንዴ በሁለቱ ጥምር ይጀምራል፤ ሦስት ሰነድ፣ ሦስት ሰው። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ያደናግራል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 1970 የተወለደ ሰው ልደቱ ጃንዋሪ 3 ቀን 1978 ነው፤ ሰባት ብቻ የደመረ ጸሐፊ ግን 1977 ብሎ ይጽፍና አንድ ሰው ሁለት የልደት ዓመት ይኖረዋል። በስደተኞች ጣቢያ የልደት ቀናቸው ስላልታወቀ ጃንዋሪ 1 የተባለላቸውም ብዙዎች ናቸው።

እነዚህ ሁሉ እንከኖች በመጀመሪያው ማመልከቻ ጊዜ በሆነ መንገድ ተፈትተው ካርዱ ተሰጥቷል እንበል። ለዕድሳቱ እንደገና ሊነሡ የሚገባበት ምን ምክንያት አለ? የአክስቴ ልጅ የሆነች፣ ውጭ አገር ተወልዳ ያደገች ሴት፣ ካርዷን ያገኘችው ገና ልጅ ሳለች በእናቷ የቀድሞ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ነበር። አግብታ ስሟን ከለወጠች በኋላ ለማሳደስ ስትቀርብ፣ ያገኘቻት ሠራተኛ አሮጌውን ካርድ ተቀብላ «የእናትሽን ማስረጃ አምጪ» አለቻት። ፓስፖርቱ ቤት ሲቀይሩ ጠፍቷል። ካርዱ የተሰጠው ግን ያንን ፓስፖርት መንግሥት አይቶ ስላመነ ነው። የታየው ማስረጃ ግልባጭ በመንግሥት እጅ መኖር አለበት፤ ከሌለም ጉድለቱ የባለጉዳይዋ አይደለም። ነገሩ ያለቀው አገር ቤት ያለችው አክስቴ ምስክሮች አሰባስባ ፍርድ ቤት ሄዳ ዝምድናውን ካስረዳች በኋላ ነው። ሰነዶቹን በመደርደሩ ስለረዳኋቸው የፈጀውን ጊዜ አውቃለሁ፤ ወራት ነበር።

ካርዱ ቤትና የኢንቨስትመንት መብት የሚያስገኝ በመሆኑ ማጭበርበር ሊኖር ይችላል፣ ዕድሳትም የተሳሳተውን ለማረም የሚገኝ ብቸኛ አጋጣሚ ነው የሚል ሙግት ይሰማል። ሙግቱ ቀላል አይደለም። በሐሰት የተዘጋጀ ማስረጃ መኖሩን ማንም አይክድም፤ ባለሥልጣን በተጠራጠረ ጊዜ የመመርመር መብቱም ሊነካ አይገባም። ነገር ግን መመርመርና ሁሉን ሰው እንደገና አስረዳ ማለት አንድ አይደሉም። ጥርጣሬ ካለ ምክንያቱ ይገለጽ፣ የማስረዳቱ ሸክምም በተጠራጣሪው ላይ ይሁን። ከዚህም በላይ ጊዜ ለአጭበርባሪ እንጂ ለእውነተኛው አያደላም። ሐሰተኛ ወረቀት ያዘጋጀ ሰው ሌላ ወረቀት ማዘጋጀት አይከብደውም፤ በሰማንያ ዓመት አዛውንት ምስክርነት የተረጋገጠለት ሰው ግን ከዓመታት በኋላ ያንን ምስክር አያገኝም።

የምስክሮቹ ነገር በእኔ አመለካከት ከሁሉ የሚቀድም ነው። ሴት አያት በየትኛው ደብር ክርስትና እንደተነሡ፣ ማንን እንዳገቡ፣ ከየት መንደር እንደወጡ የሚያውቁ ሰዎች በየዓመቱ ያልፋሉ። ፍርድ ቤቶቻችን በምስክር ቃል ዝምድናን ማረጋገጥ አዲስ ሥራ አይሆንባቸውም፤ ለወራሽነት ጉዳይ ዕለት በዕለት ያደርጉታል። የጎደለው፣ ንብረት የሚያወርስ ሟች ሳይጠበቅ፣ ቤተሰቡ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ ትውልዱን አስመስክሮ የሚያስመዘግብበት ግልጽ መንገድ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ የተመዘገበ ሐረግ ቁጥር ተሰጥቶት ቢቀመጥ፣ እኅትም ወንድምም፣ ነገ የሚወለደውም ልጅ፣ የራሱን ልደት ብቻ አስረድቶ በዚያው ላይ ይቆማል። ዕድሳትም ፓስፖርት፣ ፎቶግራፍና የስም ለውጥ ካለ የለውጡ ማስረጃ ብቻ ይሆናል።

የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የኢሚግሬሽንና የወሳኝ ኩነት መዝገቦችን ስለ ማናበብ ይወራል። ማናበቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጅን ከአባት ስም ጋር ብቻ የሚያያይዝ መዝገብ ከሌላ መዝገብ ጋር ቢናበብ ያው ጉድለት በፍጥነት ይዛወራል እንጂ አይታረምም። ስለዚህ ቅጹ ገና ሳይጸና አንድ መስመር ይጨመርበት፤ የእናት ሙሉ ስም እስከ አያቷ፣ ከሥሩም የእናትየው እናት ስምና የትውልድ ቦታ።