ለቋንቋ ተማሪ ኀዘኑን የሚናገርበት ጊዜ ይሰጠው

ቋንቋ ለሰው የተሰጠው ዕቃን በስሙ ለመጥራት ብቻ አይደለም፤ በልብ የተሰወረውን ደስታና ኀዘን ለባልንጀራ ለመግለጽም ነው። ስለዚህ መምህር ግስና አገባብ አስተምሮ የተማሪውን ልብ ዝም ቢያሰኘው ሥራው ጎዶሎ ይሆናል።

በአሰላና በአርሲ ደጋ ባሉት ትምህርት ቤቶች ልጆች አፋን ኦሮሞ፥ አማርኛና እንግሊዝኛ ይማራሉ። እነዚህም ልጆች ክፉ ዘመን አይተዋል። ይኸውም በመጋቢት ወር 2012 ዓመተ ምሕረት በኮሮና ተላላፊ በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ደግሞ በአርሲ ከተሞች ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፥ ንብረትም ተቃጠለ። በ2013 ዓመተ ምሕረት ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ጊዜ ልጁ ከደብተሩ ጋራ ያየውንና የሰማውንም ይዞ ገባ።

አንዳንዶች፥ ያለፈውን ማስታወስ ቁስልን መቀስቀስ ነው ይላሉ። ነገር ግን ኀዘንን በቃል ማውጣት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግዕዝን የሚያደላድለው ራሱ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ በማሰማት ነው፤ ከአገሩ የራቀው የቆሎ ተማሪም ናፍቆቱንና ችግሩን ከሰሙ በታች በወርቁ ሊያኖረው ይችላል። በአርሲ ኦሮሞም ዘንድ ሴቶች በደል ሲደርስባቸው ሲንቄ የሚባለውን በትር ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ ቅሬታቸውንም በዜማ ያሰማሉ።

ጄምስ ፔኔቤከር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረባው ጋራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ባሳተመው ጥናት፥ ተማሪዎች አራት ቀን በተከታታይ በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። የደረሰባቸውን መከራና የተሰማቸውን አጣምረው የጻፉት ለጊዜው ኀዘናቸው በረታ፤ በኋላ ባሉት ወራት ግን ወደ ሐኪም የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች ጥቅሙ መጠነኛ መሆኑን ቢያሳዩም፥ ወጪው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ለሆነ ሥራ ይህ ጥቂት አይደለም።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተማሪው አስቀድሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጻፍ፤ ቀጥሎ የሚችለውን ያህል ወደሚማረው ቋንቋ ይመልሰው። በስሕተቱ ነጥብ አይቀነስበት፤ በጉባኤ እንዲያነብም አይገደድ። መምህሩ ምሥጢር ይጠብቅ፤ ይህን ልማድ ካህናት ከማንም ይልቅ ያውቁታልና ሊመክሩት ይችላሉ። ኀዘኑ ከትምህርት ቤት አቅም በላይ የሆነውን ልጅ ወደ ሐኪም መላክ ይገባል።

ለዚህም የትምህርት ሹማምንት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ቢፈቅዱ፥ መምህራንም ገና በሥልጠና ላይ ሳሉ አካሄዱን ቢማሩት መልካም ነው። በአንድ ወንበር የተቀመጡ፥ ቤታቸው በልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገር ሁለት ልጆች አንዱ የሌላውን ኀዘን በራሱ በባልንጀራው ቋንቋ የሰማ ዕለት፥ ቋንቋ የመለያ አጥር መሆኑ ይቀርና መሸጋገሪያ ድልድይ ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ልጅ ግን የሚደብቀው የሚሰማው ሲያጣ ነው።