«አንድ እርምጃ ብቻ ቀረን» ያሉት ሰዎች

ባለፈው ሰሞን በምግብ አዳራሹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ «ስፖርትና ፖለቲካ ይለያያሉ ወይስ አይለያዩም?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩ እንደ ልማዳችን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ቆየና ማንም ማንንም ሳያሳምን ተበተነ። እኛ ግን አንድ ወዳጃችን በመካከሉ ጣል ያደረጋት ምሳሌ ከአእምሯችን አልጠፋ ስላለች ጉዳዩን ፈልገን አነበብነው። ምሳሌዋ ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ ስለሆነው ስለ አንድ የቤዝቦል ክለብ ናት። ክለቡ «ሃቫና ሹገር ኪንግስ» ይባል ነበር፤ የሃቫና የስኳር ነገሥታት ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

አንባቢ «ቤዝቦልና እኛን ምን አገናኘን?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ መትቶ አራት ማዕዘን የሚዞርበት ይህ ጨዋታ ከገናችን ጋር የሚመሳሰለው በዱላው ብቻ ነው። በኩባ ግን እግር ኳስ በእኛ ዘንድ ያለውን ቦታ የያዘው እሱ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለትምህርት ወደዚያች ደሴት ከተላኩት በሺህ ከሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች መካከል አንዱን ያገኘ ሰው ይህን ጠይቆ ሊረዳ ይችላል።

የአሜሪካ ቤዝቦል ታላላቅና ታናናሽ ሊጎች አሉት። ታናሹ ሊግ ተጫዋች እያሠለጠነ ለታላቁ ያቀርባል። ኩባውያንም ከብዙ ዘመን ጀምሮ ወደ አሜሪካ እየሄዱ ይጫወቱ ነበር፤ ነገር ግን የሚሄዱት አንድ በአንድ ነው። የዋሽንግተን ክለብ መልማይ የነበረው ጆ ካምብሪያ በመቶ የሚቆጠሩ የኩባ ልጆችን በርካሽ እያስፈረመ ልኳል። እንደ አገሪቱ ስኳር ማለት ነው፤ ጥሬው ከዚህ ይጫናል፣ ትርፉ እዚያ ይቆጠራል።

ሮቤርቶ ማዱሮ የሚባል የሃቫና ነጋዴ ይህን የሚለውጥ ነገር አሰበ። በ1946 የተከፈተው ታላቁ የሃቫና ስታዲየም ካሠሩት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። በ1954 ከታላላቆቹ ሊጎች አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ባለው በኢንተርናሽናል ሊግ ውስጥ ለሃቫና ቦታ አገኘና ሹገር ኪንግስን አቋቋመ። በማግሥቱ ዓመት ክለቡ ከሲንሲናቲ ክለብ ጋር ውል ገባ። መፈክሩም «አንድ እርምጃ ብቻ ቀረን፣ እንደርሳለን» የሚል ነበር። በእኛ አስተያየት የነገሩ ፍሬ ያለው በዚህች መፈክር ውስጥ ነው። ሊደርስ የተነሣው አንድ ጎበዝ ተጫዋች ሳይሆን ከተማይቱ ራሷ ከነስታዲየሟና ከነተመልካቿ ናትና።

ይህ ከንቱ ሕልም ነበር የሚል ካለ በዚያው ሊግ አብረው ይጫወቱ የነበሩትን ሁለት የካናዳ ከተሞች ይመልከት። ሞንትሪያል በ1969፣ ቶሮንቶ በ1977 የታላቅ ሊግ ክለብ አገኙ።

እርግጥ ነው፣ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። የመጀመሪያው ዓመት ግለት በረደና ተመልካቹ ቀነሰ፤ በባቲስታ አገዛዝ መጨረሻ ዓመታት በከተማው ቦምብ ሲፈነዳ ማታ ወደ ስታዲየም የሚወጣ ሰው ጥቂት ሆነ፤ ማዱሮም ብዙ ገንዘብ ከሰረ። በጃንዋሪ 1959 አብዮተኞቹ ሃቫና ገቡ። ፊደል ካስትሮ ቤዝቦል ወዳድ ነበር። ጁላይ 24 ቀን 1959 «ባርቡዶስ»፣ ማለት ባለ ጢሞቹ፣ የሚል ልብስ ለብሶ በዚያው ስታዲየም ለትርዒት ኳስ ወረወረ። ሹገር ኪንግስ ከሃቫና እንዳይወጣም እንደሚፈልግ በይፋ ተናግሮ ነበር።

በማግሥቱ ሌሊት የሆነው ግን ለክለቡ ጠላቶች በቂ ወሬ ሆነ። ሹገር ኪንግስ ከሮቸስተር ክለብ ጋር ሲጫወት ጨዋታው ረዝሞ እኩለ ሌሊት አለፈ። ጁላይ 26 የአብዮቱ በዓል ስለሆነ ሕዝቡና ወታደሩ በደስታ ወደ ሰማይ ይተኩስ ጀመር። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ ቤት አይቀርም። አንዱ የሃቫናውን ተጫዋች የሊዮ ካርዴናስን ትከሻ ጫረ፤ ሌላው የሮቸስተርን ፍራንክ ቬርዲን ራሱን መታው። ቬርዲ ከቆቡ ሥር ጠንካራ ፕላስቲክ አድርጎ ስለ ነበር ተረፈ። ደግሞ የቆመበት ቦታ የእሱ አልነበረም፤ አሠልጣኙ ከዳኛ ጋር ተጨቃጭቆ ስለ ተባረረ በእሱ ፋንታ የገባ ነው። ጨዋታው 4 ለ 4 እንደ ሆነ ቆመ፤ እንግዶቹም ቀሪውን ሳይጫወቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ታዲያ ክለቡ በዚህ ፈረሰን? አልፈረሰም። በዚያው ዓመት የሊጉን ዋንጫ አሸንፎ ከሌላው ሊግ አሸናፊ ከሚኒያፖሊስ ጋር ለታናናሾቹ ሊጎች ታላቅ ዋንጫ ተገናኘ። ሁለት ጨዋታ በሚኒያፖሊስ ከተደረገ በኋላ እዚያ ብርዱ ስለ በረታ የቀሩት አምስቱ ሁሉ በሃቫና ሆኑ። ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች በየቦታው ቆመው፣ ካስትሮም ተቀምጦ እያየ፣ በአምስቱ ጨዋታዎች ከ100,000 የሚበልጥ ሰው ገባ። ኦክቶበር 6 ቀን 1959 በሰባተኛው ጨዋታ፣ በመጨረሻው በዘጠነኛው ዙር፣ ዳንኤል ሞሬሆን በመታው ኳስ ሃቫና 3 ለ 2 አሸነፈች። አንድ እርምጃ ቀረን ያሉት ሰዎች እርምጃዋን ግማሽ የተራመዷት ያን ማታ ነው።

ዘጠኝ ወር አልፎ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በ1960 የኩባ መንግሥት የአሜሪካን የዘይት ማጣሪያዎች ወሰደ፤ ጁላይ 6 ቀን አሜሪካ ከኩባ የምትገዛውን ስኳር ቆረጠች። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 8፣ የስኳር ነገሥታቱ ከሃቫና ወጥተው በኒው ጀርሲ ወደምትገኘው ጀርሲ ሲቲ እንዲዛወሩ ተወሰነ። ስኳሩና ነገሥታቱ በአንድ ሳምንት ተሰናበቱ። ክለቡ በዚያን ጊዜ ለጨዋታ ሚያሚ ነበር። አሠልጣኙ ቶኒ ካስታኞ አልሄድም ብሎ ወደ ሃቫና ተመለሰ፤ ናፖሌዮን ሬየስ ተተካ፤ ተጫዋቾቹም ወደማያውቋት ከተማ ተጓዙ። በጀርሲ ሲቲ እስከ 1961 ብቻ ቆዩ።

የተሰጠው ምክንያት «የተጫዋቾች ደኅንነት» የሚል ነበር። እኛ ይህን ምክንያት ለመቀበል ይቸግረናል። ጥይቱ የተተኮሰው በጁላይ 1959 ነው። ከዚያ በኋላ በጠመንጃ መካከል የዋንጫው ጨዋታ ሲደረግና ስታዲየሙ ሲሞላ ደኅንነት የት ነበረች? በ1960 የጨዋታው ወቅት በሃቫና ሲከፈትስ? ጥይት ያላስወጣውን ክለብ ያስወጣው የሁለት መንግሥታት ቂም ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

ይህን ስንል ሁሉንም በደል በአንድ ወገን ላይ ለመጫን አይደለም። የኩባ መንግሥት የማዱሮን ንብረት ወሰደ፤ በ1961 ደግሞ ለገንዘብ የሚደረግ ስፖርትን ጨርሶ ከለከለ። ስለዚህ ከጠረጴዛችን ወዳጆች አንዱ «በ1960 ባይወሰድ በ1961 በአገሩ ይሞት ነበር፤ ምን ታለቅሳላችሁ?» ብሎናል። ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ነገር ግን እኛን አያረካንም። አንዱ ገዳይ ሌላው ስለ ቀደመው ንጹሕ አይሆንም። በሃቫና በኩል በሕዝብ ስም፣ በአሜሪካ በኩል በተጫዋቾች ስም ሲወሰን፣ በእነዚያ አምስት ማታዎች ወረፋ ይዞ የገባውን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ የጠየቀ አልተገኘም።

ተጫዋቾቹስ? ካርዴናስ፣ ኩኪ ሮሃስ፣ ቶኒ ጎንዛሌዝ በታላላቆቹ ሊጎች ስም አወጡ። ማይክ ኩዌያር በ1969 ለምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን ሽልማት ተካፈለ። እነሱስ ደረሱ፤ የደረሱት ግን በቀድሞው መንገድ፣ አንድ በአንድ ነው።

ማዱሮ አገሩን ትቶ ወጣ፤ በ1986 ሚያሚ ሞተ። እዚያ በስሙ የተሰየመው ስታዲየም በ2001 ፈርሷል። የሃቫናው ግን በ1971 ተስፋፍቷል፤ ስሙም «ላቲኖአሜሪካኖ» ተብሏል። በማርች 2016 የአሜሪካና የኩባ ፕሬዚዳንቶች በዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው የታምፓ ቤይ ክለብ የኩባን ቡድን 4 ለ 1 ሲያሸንፍ አዩ። ጋዜጦች የሁለቱን ሰዎች ፎቶግራፍ በሰፊው አወጡ። በዚያው ሜዳ በ1959 ስለ ተገኘው ዋንጫ የጻፉት ግን እኛ ባነበብነው መጠን ጥቂት ናቸው።