ለሹም የተሰጠ ደቦል

አንድ ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ፣ በመንግሥት ሥራ ተቀጥሮ፣ ከአዲስ አበባ ርቆ ወደሚገኝ አንድ የቆላ ወረዳ ተመደበ እንበል። የአገሩ ሕዝብ ፍየልና ግመል አርቢ ነው። ወጣቱ ገና ወር ሳይሞላው ሽማግሌዎች ተሰብስበው እንኳን ደኅና መጣህ ሊሉት ይመጣሉ። ከመካከላቸውም አንዱ በልብሱ ሸፍኖ የያዘውን ገልጦ፣ ዐይኑን ከከፈተ ብዙ ያልቆየ የአንበሳ ደቦል ከፊቱ ያኖርለታል። ስጦታው የአክብሮት ነው። እንቢ ቢል ሽማግሌዎቹን ማስቀየም መስሎ ይታየዋል። እሺ ቢል ደግሞ ነገሩ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ደቦል እንደ ድመት ይጫወታል፣ ፎቶግራፍ ለመነሣትም ያምራል። እንግዲህ ይህ ወጣት ምን ቢያደርግ ይሻላል?

ጥያቄውን ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። በአገራችን የዱር አራዊትን የማዳን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚቃናውም ሆነ የሚሰናከለው እንዲህ ባለችው አንዲት ሰዓት ነው ብለን ስለምናምን ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ፣ በሆለታ አቅራቢያ፣ 77 ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይ «እንስሳ ኮቴ» የተባለ የዱር አራዊት መታደጊያና ማገገሚያ ማዕከል ይገኛል። ያቋቋመው «ቦርን ፍሪ» የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ ሥራውን የሚያካሂደው ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋራ እየተባበረ ነው። (አንበሳ መዳፍ እንጂ ኮቴ የት አለው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በቋንቋችን ግን ኮቴ ሰኮና ማለት ብቻ ሳይሆን የማንኛውም ተራማጅ የእግሩ ድምፅም ነውና ስሙ የሚነቀፍ አይደለም።) ወደዚያ የሚመጡት ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች እጅ የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎች፣ በየግቢው በሰንሰለት ታስረው የኖሩ አንበሶች፣ ጦጣዎች፣ ጭላዳዎች፣ ኤሊዎችም ጭምር ናቸው።

ከነዚህ መካከል ዶሎ የተባለው አንበሳ ታሪኩ በብዙ ሰው ዘንድ ታውቆ ነበር። ስሙን ያገኘው በሶማሌ ጠረፍ ካለችው ከዶሎ ከተማ ነው። በዚያ ለዓመታት በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ከኖረ በኋላ ተወስዶ በመጨረሻ እንስሳ ኮቴ ገባ። ሰፊ አጥር፣ ዛፍና ሣር፣ ሳፊያ የምትባል ጓደኛም አገኘ። ወደ ዱር ግን አልተመለሰም።

ለምን አልተመለሰም ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄውም ተገቢ ነው፤ ማገገሚያ ሲባል በሽተኛ ድኖ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ሐኪም ቤት ይመስላልና። ለጦጣ፣ ለኤሊ፣ ክንፉ ለተሰበረ ንስር ነገሩ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። አንበሳና አቦሸማኔ ግን ማደንን ከእናታቸው የሚማሩ አራዊት ናቸው። የአቦሸማኔ ግልገል ከእናቱ ጋራ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይቈያል፤ የአንበሳ ደቦልም ወደ ሁለት ዓመት ገደማ። ያን ትምህርት ሳይማር በሰው እጅ ያደገ አንበሳ ሲርበው የሚሄደው ወደ ሚዳቋ ሳይሆን ወደ ሰው መንደር ነው፤ ምግብ ከሰው እንደሚመጣ ያውቃልና። ስለዚህ ሰው አቅፎ ካሳደገው በኋላ ወደ ማዕከል የሚላክ ደቦል ከሞት ይድናል እንጂ አንበሳነቱ አይመለስለትም።

በርግጥ ከዚህ የተለየ ታሪክ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 በኬንያ ጆርጅ አዳምሰን አንዲት እንስት አንበሳ ገደለና ሦስት ደቦሎቿ በእጁ ቀሩ። ሁለቱ ወደ ሆላንድ አገር ተላኩ፤ ሦስተኛዋን፣ ኤልሳን፣ እርሱና ሚስቱ ጆይ አሳድገው አደን አስተምረው ወደ ዱር መለሷት። እርሷም ሦስት ልጆች ወልዳ በ1961 ሞተች። ነገር ግን ለአንዲት አንበሳ ሁለት ሰዎች የዘመናቸውን ስንት ጊዜ እንደ ሰጡ ሲታሰብ፣ ይህ ለሁሉ የሚሆን መንገድ አለመሆኑ ይገባል።

የኤልሳ ታሪክ በ1966 ሲኒማ ሆነ። ከእኛም ጋራ ትንሽ ዝምድና አለው፤ ለፊልሙ ሥራ ከተገኙት ደቦሎች ጥቂቶቹ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጡ ነበሩ። በፊልሙ የአዳምሰንንና የሚስቱን ቦታ ይዘው የተጫወቱት ቨርጂንያ ማኬናና ባሏ ቢል ትራቨርስ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ፖሌ ፖሌ ከምትባል ግልገል ዝሆን ጋራ ሌላ ፊልም ሠሩ። ይህች ዝሆን የኬንያ መንግሥት ለሎንዶን የአራዊት ማሳያ በስጦታ እንድትላክ የወሰነባት ነበረች። ባልና ሚስቱ አዘኑላትና እንግዛት ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ፣ መግዛት ይቻላል፤ ግን በርሷ ፈንታ ሌላ ግልገል ከዱር ይያዛል የሚል ነበር። እነርሱም ተዉት። ፖሌ ፖሌ በ1983 በሎንዶን ሞተች፤ ኋላ ቦርን ፍሪ ለመባል የበቃውን ድርጅት ያቋቋሙትም በማግሥቱ ዓመት በ1984 ነው።

ይህን በዝርዝር የጻፍነው ስለ አንድ ነገር ነው። በከተማችን አንድ ደግ ሰው በመንገድ ዳር በገመድ ታስራ የምትሸጥ ጦጣ ሲያይ ልቡ ይራራና፣ ገንዘብ ከፍሎ ወስዶ ወደ ማዕከል ላስገባት ይላል። አሳቡ መልካም ነው። ሻጩ ግን በሳምንቱ ሌላ ይዞ ይመጣል፤ ይህችኛዋን ለመያዝ እናቷን ገድሎ እንደ ሆነም ማን ያውቃል። ርኅራኄውን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

አራዊትን በስጦታ መስጠት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1882 በአውሮፓ አቆጣጠር ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ የሜዳ አህያ ልከው፣ ያ ቀጭን ዝንጉርጉር ያለው ዘር እስከ ዛሬ በፕሬዚዳንቱ ስም ይጠራል። በዚያን ዘመን ይህ የወዳጅነት ምልክት ነበር፤ የላኩትንም ልንነቅፍ አይገባም፤ ዱሩ ሞልቶ ነበርና። ዛሬ ግን ያ የሜዳ አህያ በዓለም ላይ የቀረው ወደ 3,000 ገደማ ሲሆን፣ የሚበዛውም በኬንያ ነው።

የአቦሸማኔው ነገር የከፋ ነው። በዱር የሚገኘው በመላው ዓለም 7,000 ያህል ቢሆን ነው ይባላል። ከአፍሪቃ ቀንድ ደግሞ በየዓመቱ ወደ 300 የሚጠጉ ግልገሎች በስውር ወጥተው ባሕር ተሻግረው በዓረብ አገሮች ለሀብታሞች መጫወቻ እንደሚሸጡ ይገመታል። ብዙዎቹም ገና በመንገድ ላይ በረኀብና በበሽታ ይሞታሉ። በሶማሊላንድ ከነጋዴዎች የተነጠቁትን የሚያሳድግ ሌላ ማዕከል አለ፤ የእኛም የምሥራቅ ጠረፍ የዚህ ንግድ መተላለፊያ ነው።

ታዲያ ግልገሉን መጀመሪያ የሚይዘው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ነጋዴው አይደለም። አምስት ፍየል የነበረው፣ ሁለቱን አቦሸማኔ የበላበት አርቢ ነው። እንስቲቱን አሳድዶ ሲያጣት፣ ከቁጥቋጦ ሥር ልጆቿን ያገኛል፤ ገዢ እንዳለም ሰምቷል። ይህን ሰው አረመኔ ብሎ መስደብ ለኛ በከተማ ለምንኖረው ቀላል ነው፤ ፍየሎቹ የእኛ አይደሉምና። እርሱ ወደ ወረዳው ቢሮ ሄዶ ፍየሌ ተበላ ሲል የሚሰማው ሹም ቢያገኝ፣ ቢያንስ በረቱን በእሾህ አጥር እንዲያጠናክር፣ ከብቱንም ማታ ማታ እንዲያስገባ ምክርና ርዳታ ቢያገኝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግልገል ባየ ቁጥር የሚያስበው ሌላ ይሆን ነበር። ቢሮው በር ላይ ቆሞ ነገ ተመለስ ከተባለ ግን ነጋዴው ነገ ተመለስ አይለውም። ለእንስሳ ኮቴ ከሚደረገው ድጋፍ ትልቁ፣ ከማዕከሉ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በእንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ የሚደረገው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ገንዘብ አያስፈልግም ማለታችን ግን አይደለም። አንድ አንበሳ በቀን በአማካይ 5 ኪሎ ሥጋ ይበላል ብንል፣ በዓመት ከ18 ኩንታል በላይ ይሆናል። በአጥር ውስጥ ያለ አንበሳ 20 ዓመት ሊኖር ስለሚችል፣ በዕድሜው 365 ኩንታል ሥጋ ይፈጃል ማለት ነው። ያ ለሹሙ በነጻ የተሰጠው ደቦል ዋጋው ይህ ነው። ተማሪዎች በክበባቸው አማካይነት የሚያዋጡት ጥቂት ብር፣ ጉብኝትም ሲፈቀድ ሄደው የሚከፍሉት የዚህን ሸክም ጥቂቱን ያቀልላል።

ከገንዘብ ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የውሻ ክትባት ነው። በ1994 በአውሮፓ አቆጣጠር በታንዛኒያ በሴሬንጌቲ ከሰው መንደር ውሾች እንደ ተነሣ የሚታመን አንድ የውሻ በሽታ ከአንበሶቹ ሲሶውን ያህል ፈጅቷል። በባሌ ተራሮችም የመንደር ውሻ የሚያመጣው የእብደት በሽታ የቀይ ቀበሮን ወገን በተደጋጋሚ አጥቅቷል። ስለዚህ በማዕከልም ሆነ በፓርክ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ውሻውን ሲያስከትብ፣ ልጆቹንም አጥሩ ውስጥ ያለውንም ይጠብቃል። በበዓል ወደ ቤተ ሰቡ የሚሄድ ተማሪ ይህን ለአባቱና ለእናቱ ቢያስረዳ ከመቶ የግድግዳ ማስታወቂያ ይበልጣል።

አሁን ወደ ወጣቱ ሹም እንመለስ። ሕጉ ግልጽ ነው። አገራችን የዱር አራዊትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቈጣጠረውን ስምምነት በ1981 ዓ.ም. ተቀብላለች። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ሲወጣም፣ በሕገ ወጥ መንገድ የዱር እንስሳ የሚያዘዋውር ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጫ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም እንዲቀጣ ደንግጓል። ነገር ግን ሽማግሌዎች ፊት አዋጅ ማንበብ አይሆንም። «አባቶቼ፣ አክብሮታችሁን ተቀብያለሁ፤ ይህ ግን የእኔ ሊሆን አይችልም፤ የአገር ነው» ቢላቸው ያኮርፋሉ ብለን አንገምትም። ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ የሚሠራው ነው። እናቲቱ በሕይወት ካለች፣ የተወሰደውም በዚያው ቀን ከሆነ፣ ለሚቀርበው የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወዲያው አስታውቆ ባለሙያ የሚለውን መከተል ነው፤ ወደ እናቱ የመመለስ ተስፋ ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነውና። ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ደቦሉ ጸጥ ባለና ጨለምለም ባለ ክፍል ይቀመጥ፤ ለጎብኚ አይታይ፣ እንደ አሻንጉሊትም ከእጅ ወደ እጅ አይዘዋወር። የላም ወተት ሆዱን ያበላሽበታል፤ ካደገም በኋላ አጥንት የሌለበት ቀይ ሥጋ ብቻ ቢሰጡት አጥንቱ ይልምና እግሩ ይጎብጣል። ሽማግሌዎቹም ከመሄዳቸው በፊት ደቦሉ የት እንደ ተገኘ፣ በምን ቀን እንደ ሆነ፣ ስንት እንደ ነበሩም ጠይቆ በወረቀት ይጻፍ፤ ደቦል አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይወለድምና፣ የቀሩት አሁን በማን ግቢ እንዳሉ መፈለግ ያስፈልጋል።