ምኑን ነው የምትቀዳው?

እኔ እንደ ልማዴ ከስካይላይን ፎቄ ላይ ሆኜ እጽፍላችኋለሁ።

ባለፈው እሑድ አንድ ወዳጄ ቡና ሊጠጣ መጣና፣ «አንተ ኮምፒዩተር ታውቃለህ፤ እናቴ ሰማንያ አልፏታል፤ ድምፅዋን ከስልክ ላይ ቅዳልኝ» አለኝ።

ዱሮማ ካሴት ነበረን። ናፍቆታችንን ቀድተን ለመንገደኛ እንሰጣለን፤ መልሱ ሲመጣ ከወሬው ጀርባ ዶሮ ሲጮኽ ይሰማል። ዛሬ ፕሮግራሙን ኮምፒዩተር ላይ መጫን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ታዲያ እጄ ለምን ተያዘ?

የኪዳኔ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። ከወንዙ ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያ አሜሪካዊ፣ «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። በክሱ እንደተባለው፣ በኢሜይል የመጣ አንድ ሰነድ ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገባ። ከ2012 መገባደጃ እስከ ማርች 2013 የስካይፕ ንግግሩን እየቀዳ ኢትዮጵያ ወዳለ ኮምፒዩተር ላከ። ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራው የፈለገው ነገር እንኳ አልቀረም።

ፍርዱስ? ማርች 14 ቀን 2017 የይግባኙ ፍርድ ቤት በሩን ዘጋው። የውጭ መንግሥት በዚህ ዓይነት በደል የሚከሰሰው ድርጊቱ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አሜሪካ ምድር ላይ ሲፈጸም ነው፤ ይህ ግን ባሕር ማዶ የታሰበ ነው ተባለ። ተቀዳ ወይስ አልተቀዳም የሚለው ሳይመረመር ቀረ።

ለእኛ ለተራዎቹ ግን ሕጉ ጥርስ አለው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ይበቃል፤ ፈቃጁም ቀጂው ራሱ ሊሆን ይችላል። ድልድዩን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ከገባችሁ ግን ተነጋጋሪው ሁሉ መፍቀድ አለበት፤ አለዚያ እስከ 5 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ከስካይላይን ሲልቨር ስፕሪንግ የምትደውሉ፣ አደራ!

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከሕጉም ይልቅ አገር ቤት ያለው ሰው ነው። አፋችን እዚህ፣ የወገኖቻችን አንገት እዚያ ነው። እናት ስለ ገበያው፣ ስለታሰረው ጎረቤት ለልጇ ብላ ትናገራለች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል፤ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠማ አፋፉንም ይሻገራል። ኪዳኔ የተናገረ የመሰለው ከሚያውቃቸው ጋር ብቻ ነበር። በስልኩ ማዶ የነበሩትንስ ማን ጠየቃቸው?

ስለዚህ ወዳጄን «መጀመሪያ አስፈቅዳቸው» አልኩት። እዚያው ደወለ።

«እማዬ፣ ልቅዳሽ?»

«ምኑን ነው የምትቀዳው? ጠላ አደረግኸኝ?»

ሳቅን። ነገሩን ሲያስረዳቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «በል ቅዳ። ቅድም ስለ ሰፈሩ ያወራሁትን ግን ተወው። እኔ ስመርቅህ ያንን ያዝ» አሉት።

መረቁት። ስመ ክርስትናውን ጠርተው፣ የሞቱትን አባቱን አንስተው፣ ያላያቸውን የልጅ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ቆጥረው መረቁ። ወዳጄ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያንን ቀድተን ከኢንተርኔት ጋር በማይገናኝ ዲስክ ላይ አስቀመጥነው።

ሳናስፈቅድ ቀድተን ቢሆን ኖሮ የገበያውን ዋጋና የሰፈሩን ወሬ ይዘን እንቀር ነበር።

ሳምንት ያገናኘን።